የሰርቦ ቅዳሜዎች

መስከረም 27 ቀን 1979፣ ማክሰኞ

ማስታወቂያውን ትናንት ነው የለጠፍኩት። «የቴአትር ቡድን አባል መሆን የሚፈልግ ተማሪ ከምሳ በኋላ ምግብ ቤቱ ይምጣ።» ሃያ ሰው ቢመጣ ይበቃኛል ብዬ ነበር። ምግብ ቤቱ ሞላ። መቀመጫ ያጡት ጠረጴዛ ላይ ወጡ። በዚህ ኮሌጅ እንግሊዝኛ ሳስተምር ይህን ያህል ተማሪ ለምግብ ካልሆነ ለሌላ ነገር ሲሰለፍ አላየሁም።

ስለ ተውኔቴ ነገርኳቸው። በድሮው ሥርዓት ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ቡናዋ ሳይደርስ ብድር ሰጥቶ ቡናውን ከወሰደባት ነጋዴ መጋዘን ሄዳ ቡናዬን መልስልኝ ትላለች። ሌላ ታሪክ የለውም። አራት ዓመት ለፍቼበታለሁ። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

ሲወጡ ሸኩርን ያዝኩት። የሊሙ ልጅ ነው፤ ሦስተኛ ዓመት፤ አፉ አያርፍም።

«ይሄ ሁሉ ሰው ቴአትር ይወዳል እንዴ?»

«ጋሼ፣ የቴአትር ቡድን አባል ቡና ለቀማ አይዘምትም ተብሎ ተወርቶ ነው።»

«ማነው ያወራው?»

«እኔ ነኛ» አለ። «ሰው ይምጣልዎት ብዬ።»


መስከረም 30፣ ዓርብ

ከለቀማ ዘመቻ ማንም እንደማይቀር ትናንት በማስታወቂያ ወጣ። ዛሬ ልምምድ የመጡት ዘጠኝ ናቸው።

ጓድ ደበበ ቢሮ ሄድኩ። የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊ ነው። በኮሌጁ የፓርቲው ሰውም እሱ ነው። የአዳራሹ ቁልፍም ያለው እሱ ጋ ነው።

«አዳራሹ መድረክ አለው፣ መብራት አለው። ተቆልፎ ይውላል» አልኩት።

«ተቆልፎ አይደለም። ለስብሰባ ተጠብቆ ነው።»

«ስብሰባው መቼ ነው?»

«ሲጠራ ነዋ።»

አባላትህ ስንት ናቸው አለኝ። አሥራ አምስት ይሆናሉ አልኩት።

«ጓድ ወልደሰማያት፣ አንተ የብዙኃኑን ተሳትፎ አሳየኝ፤ እኔ አዳራሹን አሳይሃለሁ።»

«አዳራሽ ከሌለ እኮ ሰው አይመጣም።»

«ሰው ከሌለ አዳራሽ ምን ይሠራል?»

እየሳቀ እስከ በሩ ሸኘኝ። ክፉ ሰው አይደለም።


ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ምግብ ቤት ውስጥ መለማመድ ማለት እንዲህ ነው። ምሳ ተበልቶ እስኪያበቃ እንጠብቃለን። ጠረጴዛ እንገፋለን። ወለሉ በሽሮ ያንሸራትታል። ዓምደሚካኤል ነጋዴውን ሆኖ «አንቺ ሴት፣ ከፊቴ ጥፊ!» ብሎ ሲጮህ የወጥ ቤቷ አለቃ ውብነሽ በመስኮቱ ብቅ ትላለች።

«ማንን ነው?»

«ቴአትር ነው፣ እትዬ።»

«ቴአትርም ቢሆን በምግብ ቤቴ ሴት አይሰደብም። ደግሞ ምስር ልለቅምበት ነው፣ ጠረጴዛውን ልቀቁ።»

ሴቶቻችን ሁለት ናቸው፤ ንግስትና ዙቤይዳ። ባልቴቷን የምትጫወተው ዙቤይዳ ናት። ሁለተኛ ዓመት ነች። ቤተሰቧ እዚሁ ከተማ በቾ ቦሬ ሰፈር ስለሆነ የምትማረው ከቤቷ እየተመላለሰች ነው። ድምፅዋ ትልቅ አይደለም። ግን ስታነብ ቸኩላ አታውቅም። ሌሎቹ ቃሉን ለመጨረስ ይሮጣሉ።

ዛሬ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ ይቺ ሴት መጨረሻ ላይ ስትቆጣ ለምን ነጋዴውን ‘አንተ’ ትለዋለች?»

«መፍራቷን ስለተወች።»

«እኛ ሰፈር እኮ ሰው እየረገሙም እርስዎ ነው የሚሉት። ያኔ ነው የሚያስፈራው።»

በእርስዎ ሞከረችው። ልክ ነበረች። ተውኔቱን አርሜዋለሁ።

ከዚያ ልምምዱ እንዳበቃ፣ አባቷ ሳይፈቅዱ ከዚህ በኋላ መምጣት እንደማትችል ነገረችኝ። እስካሁን ቤተ መጻሕፍት ነኝ ብላ ነው።


ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሐጂ ቲጃኒ ቤት ሄድኩ። ልብስ ሰፊ ናቸው። የስፌት መኪናቸው በረንዳው ላይ ነው። ቁልፍ እየተከሉ ነበር፤ ሳይነሱ በዓይናቸው መቀመጫ አሳዩኝ።

ንግግር አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ስለ ጥበብና ስለ ኅብረተሰብ። ግማሹ ላይ ሳልደርስ እጃቸውን አነሱ።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጄ መድረክ ላይ ወጥታ ትዘፍናለች?»

«አትዘፍንም።»

«ትጨፍራለች?»

«የለም። ባሏ የሞተባት ሴት ሆና ሐቋን ትጠይቃለች። ሻሽ አስራ፣ ተሸፍና።»

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «ሐቅ መጠየቅስ ደግ ነበር።» መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰኩ። «ጎረቤት አለኝ፣ መምህር። ጎረቤት ደግሞ ምላስ አለው። አሥር ጊዜ በሰላም ገብታ አንድ ቀን ብታመሽ፣ የሚወራው ያቺ አንዷ ቀን ናት።»

«አታመሽም።»

«እንግዲያው ኮሌጁን አላውቀውም፤ የማውቀው እርስዎን ነው። በእርስዎ እጅ ወጥታ በእርስዎ እጅ ትግባ። ከመግሪብ በፊት። ይሄ ከፈረሰ ቴአትሩ ብቻ አይደለም የሚቀረው፣ ትምህርቱም ይቀራል። እናቷ ድሮም አጋሮ ካለችው አክስቷ ጋ ትሂድ ነው የምትለው። እኔ ነኝ ያስቀረኋት። አደራ።»

«አደራ» አልኩ እኔም። እጅ ተጨባበጥን። ዙቤይዳ ሻይ ይዛ ስትወጣ ፊቴን አይታ ገባት።

ስመለስ በእግሬ ነው የተመለስኩት። ደስ ብሎኝ ነበር። ደስ ሲለኝ እንደማይበረክት አውቃለሁ፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።


ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ቦታ ተገኘ! የኮሌጁ የጭነት መኪና፣ ኤንትሬው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሰርቦ፣ የሙከራ እርሻው ጋ ይሄዳል። ሰርቦ የገበሬዎቹ ማኅበር የቡና መጋዘን አለው፤ አዲሱ ቡና እስኪገባ ባዶ ነው። ሐሳቡ የሸኩር ነው። የመጋዘኑ ጠባቂ ሙሐመድሳኒ የእናቱ ዘመድ ነው።

«ቡና እስኪገባ የእናንተ ነው» አለን ሙሐመድሳኒ። «ቡና ሲገባ ግን እኔንም ያስወጣኛል።»

ሁለቱ የብረት በሮች ወለል ብለው ሲከፈቱ ብርሃኑ እስከ ጀርባው ግድግዳ ይደርሳል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ድምፅ ይመልሳል። ዓምደሚካኤል ገና እንደገባ «እዚህማ ሹክ ብልም እሰማለሁ» ብሎ ሹክ አለ፤ ተሰማም። ዙቤይዳ መሀል ላይ ቆማ ዙሪያዋን አየች። «ይሄ እኮ ራሱ መጋዘኑ ነው፣ ጋሼ። ምንም ነገር ማስመሰል አያስፈልገንም።»

መንደሩ በሩ ላይ ቆሞ ተመለከተ። የሙሐመድሳኒ ሚስት መድና አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ ግን ዙቤይዳ ነጋዴውን ስትረግመው ከማንም ቀድማ «ኤዬ! ኤዬ! አዎ!» ብላ አጨበጨበች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ በቾ ቦሬ ደረስን። ሐጂ ቲጃኒ በረንዳቸው ላይ ነበሩ። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሉኝ።


ጥቅምት 19

ንግስት ወጣች። አጎቷ «ቅዳሜ የምትጠፊው የት ነው» አላት። ንግስት እንደ ዙቤይዳ አይደለችም፤ አጎቴን አነጋግሩልኝም አላለችም። ሌላ ወንድ ልጅም ቀረ፣ ወባ። የቀረነው ሰባት።

ጓድ ደበበን ኮሪደር ላይ አገኘሁት። «ተሳትፎው እንዴት ነው?» ጥሩ ነው አልኩ።


ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

የነጋዴው መጋዘን ጆንያ ይፈልጋል። እስካሁን ባዶ ግድግዳ ነበር። ሰርቦ ቡና ከገለባው የሚለይበት መቀሸሪያ ወፍጮ አለ፤ ገለባው እንደ ተራራ ተቆልሎ የሚፈልገው የለም። ልጆቹ ከመጋዘኑ አሮጌ ጆንያ ለምነው ገለባ ሞሉበት። ሲታይ ፍጹም ቡና ነው። ሲያነሱት ግን ሕፃን ይሸከመዋል። ሸኩር ሁለቱን በሁለት ብብቱ ይዞ «የሶሻሊዝም ጀግና ወዛደር!» እያለ ሲዞር መንደሩ በሳቅ ሞተ። ዙቤይዳ አፋቸውን በወስፌ ሰፋችው። የአባቷ ልጅ ናት፤ እጇ ፈጣን ነው።

ሙሐመድሳኒ በኅዳር አጋማሽ እንድንለቅ ነገረን። ቡናው ቀልቷል። ጆንያዎቹን ወደ ኮሌጁ ይዘን እንገባለን ማለት ነው። የት እንደምናስቀምጣቸው አላውቅም። ምግብ ቤት ካስገባሁ ውብነሽ ታነዳቸዋለች።

ዘመቻው ሰኞ ይጀምራል። ለቅዳሜ ብቻ ልጆቹን ይልቀቁልኝ ብዬ ጠይቄያለሁ።


ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

አምስት ሰው። የለቀማ ዘማቾች እጃቸው ጠቁሯል። ዓምደሚካኤል ቁጭ ብሎ ቃሉን ሲናገር እንቅልፍ ወሰደው። ማንም አልሳቀበትም። ዙቤይዳ የእሱንም ክፍል በቃሏ ስለምታውቅ ሁለቱንም ሆና ጨረሰችው።

እሷ ባትኖር ይህ ነገር ዛሬ አብቅቶ ነበር። ይህን ለራሷ አልነገርኳትም።


ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ኬላ ላይ ተያዝን። ጆንያ ውስጥ ቡና ተገኘ። ዙቤይዳ ፖሊስ ጣቢያ ናት። እኔ ቤቴ ነኝ። መጻፍ አልችልም።


ኅዳር 14፣ እሑድ

እንደ ሆነው ልጻፈው።

የመጨረሻው ቅዳሜያችን ነበር። ልምምዱ አማረ። ዕቃችንን ጫንን፤ ሾፌሩ ጡሩምባ ይነፋል። መድና ከቤቷ እየሮጠች መጣች። የመጀመሪያው ቡናቸው ገብቷል። እነመድና ቤት አዲስ ቡና በገባበት ሳምንት እንግዳ ባዶ እጁን አይወጣም፤ እምቢ ያለ የዓመቱን ቡና እንደረገመ ነው የሚቆጠረው። በጨርቅ የቋጠረችውን ለዙቤይዳ ሰጠቻት። ሁለት እፍኝ ወይም ሦስት ይሆናል።

ዙቤይዳ እጇን ሰበሰበች።

«ሂን ዲዲን፣ ኢንታላ ኮ» አለች መድና። «እምቢ አትበይ ልጄ። ለእናትሽ ነው።»

ዙቤይዳ ተቀበለች፤ ወደ እኔ መጣች። «ጋሼ፣ ኬላው አለ። ምን ላድርገው?»

ያለ ፈቃድ ቡና በኬላ ማሳለፍ ምን እንደሚያስከትል እዚህ አገር ሕፃን ያውቃል። ግን ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ነበር። እኔ የማስበው መግሪብን ነው። የሐጂ ቲጃኒን በረንዳ ነው የማስበው። «አንዱ ጆንያ ውስጥ ክተቺውና ነይ፣ መሸብን» አልኳት።

ክፋት አልነበረበትም። ማንም ቢሆን ይህንኑ ይላት ነበር።

ኬላው ላይ ሁልጊዜ እጃቸውን አውለብልበው ያሳልፉን ነበር። ትናንት አዲስ ፈታሽ ነበር። ጆንያ መውጊያውን ብረት ይዞ ወጣ። አንዱን ወጋ፤ ገለባ። ሌላውን ወጋ፤ ገለባ።

«ገለባ ጭናችሁ የምትሄዱት የት ነው?»

«ለቴአትር ነው፣ ጓድ» አለ ሸኩር። «በቴአትር ሁሉም ገለባ ነው።»

ፈታሹ አልሳቀም። ይህ ልጅ ባይቀልድ ኖሮ ይተወን ነበር ብዬ አስባለሁ። ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ፈታቸው። ጨርቁ ወጣ፤ ቋጠሮው ተፈታና ቡናው አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። እሸት ቡና አይደለም፣ የተቀሸረ ነው።

«ጥሩ መሸፈኛ ነው» አለ ፈታሹ። «ስንት ጊዜ አመላለሳችሁ?»

ብረቱን መኪናው ላይ አስደገፈ።

«ኃላፊው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ቡናው የማን ነው?»

«ጆንያዎቹን ያስጫንኩት እኔ ነኝ። ቡናው ግን...» አልኩ። ቃል እየፈለግሁ ነበር። እንዴት እንደማስረዳው እያሰብኩ ነበር፤ ስለ መድና፣ ስለ ልማዱ። ያንን ለማስረዳት ጊዜ ይፈልጋል።

«የኔ ነው» አለች ዙቤይዳ። «ለእናቴ ነው።»

ወደ እኔ አላየችም። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ።

እሷን ከኤንትሬው አወረዷት። አብሬያት መውረድ እችል ነበር። የቀሩትን ልጆች ማን ያስገባቸዋል ብዬ ነው። ሾፌሩ ነበር፤ ግን ሾፌር ኃላፊ አይደለም።

በበቾ ቦሬ አላለፍኩም። ሸኩር ሄዶ ነገራቸው። ሲመለስ «ምን አሉ?» አልኩት።

«ምንም። ‘መምህሩስ ታሰሩ?’ አሉኝ። አልታሰሩም አልኳቸው።»


ኅዳር 16

ዛሬ ተለቀቀች። ሦስት ሌሊት እዚያ አደረች። ሐጂ ቲጃኒ ዋስ ጠርተው አስወጧት። ልሄድ ነበር፤ ዘመቻው አብቅቶ ክፍል ነበረኝ።


ኅዳር 17

ነገ እሄዳለሁ።


ኅዳር 19፣ ዓርብ

ጓድ ደበበ አስጠራኝ። ቢሮው ውስጥ ጸሐፊው ቃሌን ሊቀበል ተቀምጧል። ደበበ ጸሐፊውን ሻይ ጠጣ ብሎ አስወጣውና በሩን ዘጋ።

«ወልደሰማያት፣ ወንድሜ ስለሆንክ ነው። ነገሩ ሁለት መንገድ አለው። ወይ ግለሰባዊ ጥፋት ነው፣ ወይ ቡድናዊ ነው። ቡድናዊ ከሆነ ገለባው ሽፋን ነው፣ ቴአትሩም ሽፋን ነው፣ አንተም... ገባህ? ያኔ ጉዳዩ ከእኔ እጅ ይወጣል።»

«ግለሰባዊ ከሆነስ?»

«አንዲት ተማሪ ለእናቷ ቡና ያዘች። ቡናው ይወረሳል፤ ተማሪዋ ለዓመት ትታገዳለች። አለቀ።»

«ለዓመት?»

«ከዚያ ትመለሳለቻ። ልጅ ናት።»

አትመለስም አላልኩትም። አባቷ ያሉትን ለእሱ ብነግረው ምን ይለወጣል?

ጸሐፊው ተመለሰ። ቡናው ጆንያ ውስጥ መግባቱን ያውቁ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

አላውቅም ነበር አልኩ።

አላውቅም ስል ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም ማለቴ ነው። ሦስት እፍኝ ይሁን አራት ማን ያውቃል? ደግሞ ስትከተው በዓይኔ አላየሁም። ፊቴ ወደ ሾፌሩ ነበር።

በእሷ ላይ አንድም ክፉ ቃል አልተናገርኩም። ጎበዝ ተማሪ ናት ብያለሁ። ያንን ጸሐፊው አልጻፈውም።


ኅዳር 25

የእገዳው ማስታወቂያ ተለጠፈ። ተማሪዎቹ ከበው ያነባሉ፤ እኔ ስጠጋ መንገድ ለቀቁልኝ።

ከክፍል በኋላ ሸኩር ቆየኝ። ሳይቀልድ አይቼው አላውቅም ነበር።

«ጋሼ፣ ‘ጆንያው ውስጥ ክተቺው’ ሲሏት እኔ ጎማው ላይ ቆሜ ነበር።»

«እና?»

«እናማ ምንም። ተጠርቼ ብጠየቅ ምን ልበል ብዬ ነው።»

«የሰማኸውን በል።»

«የሰማሁትን?»

«ከመኪናው ጫጫታ ጋር በትክክል ሰምተህ ከሆነ።»

ደብተሩን በብብቱ አደረገ። «እውነትዎን ነው፣ መኪናው ይጮህ ነበር» አለ። ጋሼ ሳይለኝ ሄደ። ከቡድኑ ወጥቷል።

ቤቷ አልሄድኩም። ብሄድ ሐዘናቸውን መቀስቀስ ነው። ትንሽ ይብረድላቸው።


ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

አዳራሹ ተሰጠን!

ሕዝበ ውሳኔው በጥር መጨረሻ ነው። ጓድ ደበበ ከዚያ በፊት ለተማሪውና ለከተማው ሕዝብ ትርኢት ይፈልጋል። ፊት ስለ ሕገ መንግሥቱ ንግግር ይደረጋል፣ ቀጥሎ የእኔ ተውኔት። «የድሮውን ብዝበዛ ያሳያል፣ ልክ ነው» አለ። ቁልፉን ከመሳቢያው አውጥቶ በእጄ አስቀመጠው። ምድብም ሰጠኝ፤ ከየክፍሉ አምስት አምስት ተማሪ። ቡድኑ በአንድ ቀን አርባ ሰው ሆነ።

መድረኩ ሰፊ ነው። መብራቶቹን አበራሁ፤ ሁለቱ ብቻ ተቃጥለዋል። መቀመጫዎቹ እስከ ጥግ ድረስ ናቸው። ብቻዬን ቆሜ የባልቴቷን ቃል አልኩት። ድምፅ አይመልስም። ጣሪያው በእንጨት የተለበደ ነው።

መምህራን ክበብ ሻይ ስጠጣ ከጀርባዬ አንዱ «ልጅቷን ሰጥቶ አዳራሹን ወሰደ» ሲል ሰማሁ። ሌላው ሳቀ። ስለማን እንደሚያወሩ አላውቅም። በዚህ ኮሌጅ አዳራሽ የሚፈልግ ብዙ ሰው አለ።


ታኅሣሥ 10፣ ዓርብ

ሄድኩ።

ሐጂ ቲጃኒ መኪናቸው ላይ ነበሩ። ተነሡልኝ። ባይነሡልኝ ይሻል ነበር። ወንበር አመጡ፤ ሻይ አዘዙ። ሻዩን ያመጣችው የዙቤይዳ እናት ዘይቡ ናት፤ አስቀምጣ ወዲያው ገባች።

«ጤናዎ እንዴት ነው፣ መምህር?»

«ደህና ነኝ።»

«አልሐምዱሊላህ። ትምህርትስ?»

«ደህና ነው። ዙቤይዳ...»

«አጋሮ ናት። አክስቷ ጋ። ሰው ጠይቋታል፤ ረመዳን ሳይገባ ኒካሕ ይታሰራል ኢንሻአላህ። ደህና ሰው ነው አሉ፤ ሱቅ አለው።»

እገዳው የአንድ ዓመት ብቻ ነው፣ ልናስነሣው እንችላለን፣ እኔ ራሴ እጽፋለሁ አልኩ። ብዙ ተናገርኩ መሰለኝ። እሳቸው ጨርቁን ከመርፌው ሥር አስተካከሉ።

«ልጄን ጠይቄያታለሁ» አሉ። «ቁጭ አድርጌ። ‘መምህርሽ ያውቁ ነበር?’ አልኳት። ‘ጋሼ አያውቁም፣ እኔ ነኝ’ አለችኝ። ዋሽታኝ የማታውቅ ልጅ ናት።» ቀና ብለው አዩኝ። «አያውቁም ነበር፣ መምህር?»

ሻዩን ጠጣሁ። ትኩስ ነበር፤ በአንድ ትንፋሽ ጠጣሁት። መልስ የሰጠሁ ይመስለኛል። ምን እንዳልኩ አሁን ልጽፈው ብል አልመጣልኝም።

«እንግዲህ አላህ ያለው ነው» አሉ። መኪናቸውን መርገጥ ጀመሩ። መንገዱ ድረስ አልሸኙኝም፤ ሥራ ነበራቸው።


ታኅሣሥ 23

ባልቴቷን የሚጫወት ጠፋ። ከተመደቡልኝ አርባዎቹ ሴቶቹ ስምንት ናቸው፤ ስምንቱም አንገታቸውን ይደፋሉ። «እኛ ተመድበን ነው» ይላሉ። አንዷን ለምን እንደምትፈራ ጠየቅኳት። «አልፈራሁም» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኳትም።

ዓምደሚካኤል ሻሽ አስሮ ይጫወተዋል። ነጋዴውን ሌላ ልጅ ያዘ።


ጥር 16፣ ቅዳሜ

ትርኢቱ ተካሄደ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ቀበሌዎቹ በሰልፍ ነው ያመጧቸው፤ ከቦሳ ኪቶ የመጡት እናቶች ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠው ነበር። ንግግሩ ረዘመ። ተውኔቱ ሲጀመር ግማሹ ሰው ያንጎላጅ ነበር።

ዓምደሚካኤል ሻሹን አስሮ ሲወጣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ አልቆመም። የመጨረሻው ቃል ላይ፣ ሴትየዋ ነጋዴውን በእርስዎ ስትረግም፣ ከኋላ አንዱ «አንቺ ቆንጆ!» ብሎ ጮኸ። ዓምደሚካኤል ራሱ ሳቀ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። አራት ዓመት የጻፍኩት ኮሜዲ እንደሆነ ዛሬ ነው ያወቅሁት።

ጓድ ደበበ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ተሳትፎ ማለት ይሄ ነው! ለሚመጣው ዓመት አዳራሹ የአንተ ነው።»

ሸኩርን በሩ ላይ አየሁት፤ ቆሞ ነበር ያየው። ልጠራው ስል የለም።


ጥር 19፣ ማክሰኞ

ከሰዓት በኋላ አዳራሹን እያስጠረግሁ አንዲት ልጅ በሩ ላይ ቆመች። ሻሿን በደንብ አስራለች። የአንደኛ ዓመት ናት፤ ፈድሊያ ትባላለች፤ ቤተሰቧ ቦሳ ኪቶ ነው።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ አይቻለሁ» አለች። «ሰዉ ሲስቅ ተናደድኩ። የሚያስቅ እኮ አይደለም፤ የሴትየዋ ነገር።»

«አይደለም» አልኩ።

«እኔ ብሞክረውስ? ቃሉን ግማሹን ይዤዋለሁ። ቅዳሜ ሰምቼ።» አለችውም፤ እዚያው በሩ ላይ ቆማ፣ ሳትጮህ፣ ሳትቸኩል። ጠራጊው መጥረጊያውን አቁሞ አያት።

«አባቴን ቢያነጋግሩልኝ ደግሞ እምቢ አይሉም» አለች። «መምህር ያከብራሉ።»

«ቦታ የለም» አልኳት።

ከትከሻዬ በላይ ወደ ውስጥ አየች። መቀመጫዎቹ ባዶ ነበሩ፤ እስከ ጀርባው ግድግዳ ድረስ።

«እሺ ጋሼ» አለች። አመሰገነችኝና ሄደች።